አፏ የተወተፈ መጋዝ

ልጆቼ እኔ ስቆጣ «ደግሞ የመጋዟን ጣጣ ልታመጣብን ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ሰው ጉዳቱን በጨዋነት ሸፋፍኖ ዝም ሲል ባየሁ ቁጥር ያቺ አረንጓዴ መጋዝ ትዝ ትለኛለች፤ ደሜም ይፈላል። ካረጀሁ በኋላ ይበርድልኛል ብዬ ነበር፤ አልበረደልኝም።

ነገሩ በደርግ ጊዜ፣ ባሕር ዳር ውስጥ ነው። እኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል እሠራ ነበር። ባለቤቴ ሹም አቦ አካባቢ በነበረ የእንጨት ሥራ ማኅበር ውስጥ አናጢ ነበር። አናጢ ልበለው እንጂ ለአናጢነት የተወለደ ሰው አልነበረም። አያቱም አባቱም ጣና ላይ ባለች አንዲት ደሴት፣ እዚያ ባለው ቤተ ክርስቲያን ማኅሌት ሲቆሙ የኖሩ የዜማ ሰዎች ናቸው። ማኅሌት ላይ ካህናቱ በቀኝና በግራ ሁለት ረድፍ ሆነው ነው የሚቆሙ፤ አባቱ የግራውን ረድፍ የሚመሩት ግራ ጌታ ነበሩ። አዋጁ መጥቶ የቤተ ክርስቲያኑ መሬት ሲወሰድ የካህናቱም ቀለብ አብሮ ሄደ። ዜማ ደግሞ ሆድ አይሞላም። ስለዚህ ባለቤቴ በአዘቦት እንጨት እየላገ፣ በበዓል በታንኳ ወደ ደሴቷ እየተሻገረ ይኖር ነበር።

እኔ ግን ሲቆም ሰምቼው አላውቅም። ያቺን ደሴት ሴት አትረግጣትም። ቤት ውስጥ እንዲያዜምልኝ ስለምነው «ማኅሌት የቤት ዘፈን አይደለም» ብሎ ይከለክለኛል። ወንዶቹ ጎረቤቶቻችን ከበዓል ሲመለሱ «አይ ያንቺ ባል! ያ ድምፅ እኮ የሰው አይደለም!» ይሉኛል፤ እኔ የሌላ ሰው ሀብት እንደሚወራላት ሴት አንገቴን እየነቀነቅሁ እሰማለሁ። እንዴት እንደምናደድ! ሚስቱ እኔ፣ ድምፁን የሚያውቀው ታንኳ ቀዛፊው!

ያቺን መጋዝ ማኅበሩ ያገኛት በእርዳታ ነው። ከውጭ አገር የመጣች፣ በእጅ የምትያዝ የኤሌክትሪክ መጋዝ ናት፤ ጥርሷ ክብ ነው። ረጅም የብረት ሐዲድ አብሯት መጥቷል። ሐዲዱን ጣውላው ላይ ያጋድሙታል፣ እሷን በላዩ ላይ ያስቀምጧታል፣ ከዚያ እንደ ባቡር ሐዲዷን ይዛ ጣውላውን ከዳር እስከ ዳር ቀጥ አድርጋ ትሰነጥቀዋለች። እንዴት እንደምትሠራ የሚያስረዳቸው ሰው ግን አብሮ አልመጣም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ስለነበር ለየጣቢያው አግዳሚ ወንበርና ሰሌዳ ይፈለጋል፤ ማኅበሩ ከጧት እስከ ማታ ይሰነጥቃል። መጋዟን የሚይዛት ባለቤቴ ነበር፤ እጁ የረጋ ነው ብለው።

መጀመሪያ ጧት ጧት መሳል ጀመረ። ቀጥሎ ድምፁ ሻከረ። ክረምቱ ሲገባ ጭራሽ እንደ ተሰነጠቀ ገል ሆነ፤ «እንዴት አደርሽ» ሲለኝ እንኳ ጉሮሮውን ሁለት ሦስት ጊዜ ሳይጠርግ አይወጣለትም። ዘመድ ወዳጁ ሁሉ መድኃኒተኛ ሆነልን። ተልባ ጠጣ፣ ማር በዝንጅብል ላሰ፣ ዳማከሴ ታሸለት። እናቱ «ዐይን ነው! ድምፁን ሰው አይቶበት ነው!» ብለው ጠበል አስመጡለት። ተጠመቀ፤ ሰኞ ተነሥቶ ወደ መጋዟ ሄደ።

እኔ አንድ ቀን «የእንጨቱ ብናኝ ቢሆንስ?» አልሁት።

ሳቀብኝ። «እንጨት ሰው አይጎዳም። ጌታ ራሱ ያደገው በጠራቢ ቤት አይደለም ወይ?» አለኝ።

ወንጌል ጠቅሶ ሲመጣብኝ አፌን ይዘጋዋል። የጠራቢው ቤት የኤሌክትሪክ መጋዝ አልነበረውም ብዬ መመለስ ነበረብኝ፤ ይህ የመጣልኝ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። መልስ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚመጣልኝ።

ነሐሴ ላይ ታንኳ ቀዛፊው ቤታችን ድረስ መልእክት ይዞ መጣ። የላኩት የኔታ ናቸው። የኔታ ባለቤቴን ከፊደል ጀምረው ያስተማሩት፣ አባቱ ካረፉ በኋላም ግራ ጌታነቱን የያዙ ሽማግሌ ናቸው። ቀዛፊው በር ላይ ቆሞ ቃላቸውን እንዳለ አደረሰ። «እግሬ ከድቶኛል፤ መቆም አልቻልሁም። ኅዳር ላይ፣ በጽጌ መዝጊያ፣ በእኔ ቦታ ቆመህ አንተ ትመራለህ። የአባትህ ቦታ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያንተ ነው። ስለ ጉሮሮህ የሰማሁት ነገር አለ። የማይሆን ከሆነ ሳታፍር ንገረኝና ከይፋግ ሌላ ሰው ላስመጣ።»

ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠረገና «እሺ በልልኝ» አለ። «እሺ» ብቻ! ቀዛፊው ከሄደ በኋላ ጓሮ ገብቶ እንጨት ላይ ተቀመጠ። ተከትዬው ወጣሁ። ዐይኑ ቀልቶ ነበር።

«ለምን እውነቱን አልላክህባቸውም?» አልሁት።

«ምን ብዬ? የአባቴን ቦታ ሌላ ሰው ይያዘው ብዬ?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም።»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አለኝና ተነሥቶ ሄደ። የእሱ ነገር እንዲህ ነው። የተከበረ ቤት ልጅ ነው፤ ቢያመው አይናገርም፣ ቢርበው «በልቻለሁ» ይላል፣ ቢረግጡት «ይቅርታ» የሚለው እሱ ነው። እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ ዝምታ መሐል አንጀቴ ያርራል።

ከዚያ በኋላ በነበረው የዕረፍት ቀኔ ምሳውን ቋጥሬ ማኅበሩ ድረስ ወሰድሁለት። ከዚያ በፊት ውስጥ ገብቼ አላውቅም፤ በር ላይ አቀብዬው ነበር የምመለሰው። ያን ዕለት ግን መጋዟ እየጮኸች ማን ይስማኝ? ገባሁ።

ኧረ በስመ አብ! ባለቤቴ ሐዲዱ ላይ አጎንብሶ መጋዟን ይገፋል፤ ብናኙ ከጥርሷ ሥር እየተፍለቀለቀ ፊቱ ላይ ይወጣል። ቅንድቡ፣ ጢሙ፣ አፍንጫው የወፍጮ ቤት ሰው መስሏል። ጥዱ አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ እንኳ አስነጠሰኝ። ጣውላውን በወዲያኛው በኩል የያዙት የማኅበሩ አንጋፋ አናጢ ናቸው፤ ሁሉም «አባባ» ነው የሚላቸው። እሳቸው ግን ንጹሕ ናቸው። ልብሳቸው ላይ እንኳ አንዲት ብናኝ የለም። ይህ አንድ ነገር አለው አልሁ በልቤ።

መጋዟ ስትቆም ቀረብ ብዬ አየኋት። ከጎኗ፣ በአባባ በኩል፣ ክብ አፍ አላት። አፏ በጨርቅ ጥቅጥቅ ብሎ ተወትፏል። ጨርቁን አወቅሁት፤ የእኔ ያረጀች ነጠላ ጥለት ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልሁ።

ባለቤቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቀስ በይ። በዚያ በኩል ነበር የምትተፋው፤ ቀጥታ አባባ ፊት ላይ። ሽማግሌ ፊት ላይ ቆሻሻ ይተፋል እንዴ? ነውር ነው። ወተፍሁት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ… ትንሽ ወደ እኔ ይመለሳል።»

ትንሽ! ክረምቱን ሙሉ ጠበል የፈሰሰበት፣ ተልባ የተበጠበጠበት፣ ዐይን ነው ቡዳ ነው የተባለበት ነገር «ትንሽ» ተባለ! ሌላም ነገር ነበረ፤ ያቺን አፍ እኔ አውቃታለሁ። ፋብሪካው ውስጥ፣ እኛ ፈትል ክፍል፣ ማሽኑ ሁሉ እንዲህ ያለ አፍ አለው፤ አፉ ላይ ቱቦ ተቀጥሏል፤ ቱቦው የጥጡን ብናኝ እየሳበ ይወስደዋል። ቱቦው የተበላሸ ቀን አዳራሹ ጉም ይመስላል፣ ሁላችንም ስንስል እንውላለን። ይህች አፍ ሰው ላይ እንድትተፋ አልተሠራችም። ቱቦዋ ሳይመጣላት ቀርቶ ነው።

ይህን ጮክ ብዬ ነው የተናገርሁት። ባለቤቴ «አባባ ይሰማሉ» እያለ እጄን ይይዘኛል።

አባባ ሰምተው ኖሯል። «እኔ የማልሰማው ምን አለ?» ብለው መጡ። እሱ መሬት መሬት አየ። እኔ አንድም ሳላስቀር ነገርኋቸው፤ ጨርቁንም፣ ጉሮሮውንም፣ የጽጌውንም ነገር።

ሽማግሌው ተቆጡ፤ እኔ የተቆጣሁት ቁጣ ከእሳቸው ቁጣ ጋራ ምንም አይደለም። «እኔ ምን ያለሁ የሸክላ ዕቃ ነኝ? ዕድሜ ልኬን ብናኝ ስበላ የኖርሁ ሰው፣ ለእኔ ብለህ የአባትህን ድምፅ ትቀብራለህ? ማን ለምኖህ?» አሉና ጉጠት አንሥተው ጨርቁን ጎትተው ጣሉት።

ደግ አደረጉ። ዳሩ ግን መጋዟ ስትነሣ ብናኙ እሳቸው ፊት ላይ ሆነ። ባለቤቴ ወዲያው አጠፋት። «አይሆንም አባባ፣ ወደ እኔ ይሁን።» «አይሆንም፣ እኔ ዘንድ ይሁን።» «በእግዜር!» «በአባትህ አጥንት!» ሁለቱ ሰዎች ብናኙን እንደ ጉርሻ ተጋበዙት! ሌሎቹ አናጢዎች በሳቅ ወደቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከሳቄም ጋራ እንባዬ መጣ። እንዲህ ያሉ ሰዎች እኮ ናቸው፤ አንዱ ለአንዱ ሲል ሁለቱም ታፍነው የሚሞቱ።

«ቱቦውን እኔ እሰፋለሁ» አልሁ።

በዚህ መሐል የማኅበሩ ሊቀ መንበር ግርግሩን ሰምቶ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር፤ ያን ጊዜ ያልፈራ ማን ነበር? «እህት፣ ይህ እኮ የሕዝብ ንብረት ነው። ያልተፈቀደ ነገር አይቀጠልበትም» አለኝ።

«የሕዝብ ጉሮሮስ?» አልሁት።

ባለቤቴ ጠወለገ። የማኅሌቱን ነገር ለሊቀ መንበሩ መናገር እንደማይበጅ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ፋብሪካው ውስጥ በየስብሰባው ከሚነገረን ቀዳሁና «ጤነኛ ሠራተኛ ብዙ ያመርታል ጓድ» አልሁት። ይህን ብዬ ቀና ብዬ አየሁት። «ሞክሪ እንግዲህ፤ መሣሪያው ቢበላሽ ግን እኔ አላየሁም» ብሎ ሄደ።

ሸራ ፍለጋ የዕድራችን ዳኛ ዘንድ ሄድሁ። የተቀደደ ድንኳን እንዳላቸው አውቃለሁ፤ ቁራጩን ስጡኝ አልኋቸው።

«ለምንሽ ነው?» አሉኝ።

«ለባለቤቴ ጉሮሮ።»

«ምነው ልጄ፣ ገና ሳይሞት ድንኳን?» አሉ። ቀልደኛ ናቸው። ከዚያ ነገሩን ስነግራቸው ከተቀደደውም ካልተቀደደውም ቆርጠው ሰጡኝ።

የሚስበውን ነገር ያገኙት አባባ ናቸው። ከማኅበሩ አጠገብ ያለው ብረት ሠሪ ከሰል የሚያናፋበት የኤሌክትሪክ ማናፊያ ነበረው፤ አሮጌውን ጥግ ላይ ጥሎታል። ብረት ሠሪው «ይሄ ይነፋል እንጂ አይስብም» አለ። እኔ ደግሞ «ካልሳበ ከየት አምጥቶ ይነፋል?» አልሁት። እጁን በማናፊያው ጎን ቢያስጠጋ የእጅጌውን ጨርቅ ጎተተበት። «ወይ ጉድ!» አለና አሮጌውን ጠግኖ ሰጠን።

ሸራውን እንደ እጅጌ ጠቅልዬ በጆንያ መርፌ ሰፋሁት። ረጅም ሆነ፤ ከመጋዟ አፍ እስከ ማናፊያው የሚደርስ። ማናፊያውን መስኮት ሥር አስቀመጡት፤ በሚተፋበት በኩል ጆንያ አሰርንበት፤ ጆንያው በመስኮት ወደ ውጭ ተንጠለጠለ። ሁሉም ሥራውን ትቶ ከበበን። ማናፊያው ተነሣ። ያ የለፋሁበት ቱቦ ሽምቅቅ ብሎ ተጣበቀ! ሸራው ከሸራ ጋራ ተላጠፈ፤ አንዲት ብናኝ አላለፈችም።

«አንጀቱ ጾም ነው የዋለ!» አለ አንዱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቱቦው ስም «አንጀት» ሆኖ ቀረ። ስቀው ሲያበቁ እኔ አፍሬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ብቻዬን እያወራሁ ነው የሄድሁት፤ ሰው አይቶኝ ከሆነ አብዳለች ብሏል።

ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር አልነበረም፤ ማሰብ ብቻ ነው የጎደለኝ። የፋብሪካው ቱቦ ለምን እንደማይጣበቅ በማግሥቱ ሄጄ ዳሰስሁት። ውስጡ የብረት ቀለበት ቀለበት አለው። ሽቦ ገዝቼ በየስንዝሩ ክብ እያደረግሁ ከሸራው ጋራ ሰፋሁት። ጣቴ ቆሰለ። ባለቤቴ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሽቦውን በጉጠት ያጠፍልኛል፤ አይናገርም፤ ድምፁን እያስቀመጠ ነው። ዝም ብሎ እየሠራ ሳለ አንድ ጊዜ እጄን ያዝ አድርጎ የቆሰለውን ጣቴን ሳመው። ይህንንም የምነግራችሁ እሱ ዛሬ ስለሌለ ነው፤ ቢኖር ኖሮ በሀፍረት ይሞት ነበር።

የቱቦው ጫፍ ከመጋዟ አፍ ይሰፋ ነበር። ለእሱ መላ አልቸገረንም፤ ባሕር ዳር ውስጥ ብስክሌት የሌለው ቤት የለም። ያረጀ ካላማዳሪያ፣ የብስክሌት የውስጥ ጎማ፣ ቀደን አፏ ላይ ጠመጠምነው፤ ቱቦው በላዩ ገብቶ ጥብቅ አለ። ማናፊያው ተነሣ፣ መጋዟ ተነሣች። ብናኙ ወዴት እንደገባ አላየነውም። ውጭ የተንጠለጠለው ጆንያ ብቻ እንደ ጠገበ ሰው ሆዱን ነፋ። አባባ መዳፋቸውን ከመጋዟ ጎን አድርገው አዩ፤ ንጹሕ ነው። ባለቤቴን አየሁት፤ ቅንድቡ ጥቁር ነው። እልል ብዬ ነበር፤ እልልታዬን መጋዟ በላችው።

ጣጣው ግን አላለቀም። መጋዟ ሐዲዱን ይዛ ስትሄድ ቱቦው ከኋላ ይጎተታል፤ የሐዲዱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ሽቦው ይያዛል። መጋዟ መሐል ላይ ቆማ ጥርሷ ጣውላውን አቃጠለው። የአግዳሚ ወንበር ጣውላ ተበላሸ። ሊቀ መንበሩ «አላልሁም?» አለ። በገመድ ጣሪያ ላይ አንጠለጠሉት፤ ተወዛወዘባቸው። እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

ባለቤቴ ምንም ሳይል ቱቦውን አነሣና በግራ ትከሻው ላይ አጣፋው፤ ልክ ማኅሌት ሊቆም ነጠላውን እንደሚያጣፋ። ከዚያ መጋዟን ይዞ በሐዲዱ ጎን ጎን፣ ቀስ ብሎ፣ እግሩን ሳያነሣ እያንሸራተተ ሄደ። ሰውነቱ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ ዘመም ይላል። ቱቦው እሱን ተከትሎ ሄደ፤ የትም አልተያዘም። ጣውላው ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ።

«ማኅሌት ቆመ!» አሉ አባባ። ሊቀ መንበሩ ያልሰማ መስሎ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ሁሉ እንደዚያ ሆነ። የመንደሩ ሴቶች ጆንያው ሲሞላ እየመጡ ሰጋቱራውን ለምድጃቸው ይወስዱት ነበር፤ ድንጋይና ምስማር የሌለበት ንጹሕ ሰጋቱራ ሆነላቸው። ጉሮሮው ግን ወዲያው አልዳነም። መስከረም ጠባ፣ ጽጌ ገባ፣ እሱ አሁንም ይጠርጋል። እኔ ሲጠርግ በሰማሁ ቁጥር የቀሩትን ቀኖች በጣቴ እቆጥራለሁ። ጊዜው እየቀረበ ነው። ዘግይተን ይሆን? ያ ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ ሥራውን ጨርሶ ይሆን?

አንድ ጧት ግን አጥር ላይ ቆሞ ከሰፈር የራቀችውን በጋችንን ሲጠራ ሰማሁት። ጮክ ብሎ ጠራት። ድምፁ አልተሰነጠቀም። ጎረቤት ሁሉ ዞር ብሎ አየ። እሱም ደንግጦ አፉን በእጁ ያዘ። ተያየን፤ እንዳናሟርትበት ፈራን።

ከዚያ በኋላ አመሻሽ ላይ ብቻውን ወደ ሐይቁ ዳር፣ ደንገሉ ውስጥ ይሄድ ጀመር። ድምፁን እንደሚፈትን አውቃለሁ። «አትከተዪኝ» አለኝ፤ አልተከተልሁትም። ብከተለው ኖሮ እሰማው ነበር። ስንት ጊዜ ነጠላዬን ለብሼ በር ድረስ ሄጄ ተመለስሁ! ሲመጣ ፊቱን አያለሁ፤ ፊቱ ምንም አይነግረኝም። «እንዴት ነው?» ስለው «ላንድ ሰዓት ይሆናል፤ ሌሊቱን ሙሉ ግን እንጃ» ይለኛል።

የጽጌ መዝጊያ ዋዜማ ሐይቁ ዳር ድረስ ሸኘሁት። መቋሚያውን ይዞ ታንኳው ላይ ሊሳፈር ሲል እጁን ያዝሁት።

«ነገ እዚሁ እጠብቅሃለሁ» አልሁት። «ተሳክቶልህ እንደሆነ ከውኃው ላይ ሆነህ ጥራኝ። እዚህ እስክትደርስ መጠበቅ አልችልም። ካልሆነልህም ዝም ብለህ ና፤ ምንም አልጠይቅህም። እስክሞት አልጠይቅህም።»

አንገቱን ነቀነቀና ሄደ።

በማግሥቱ ቅዳሴ ወጥቶ ይሆናል በሚባልበት ሰዓት ዳር ላይ ቆሜ ነበር። ከፋብሪካው አሞኛል ብዬ ቀርቻለሁ፤ ውሸትም አልነበረም። ውኃው ጸጥ ብሏል። ታንኳዎቹ አንድ በአንድ ከደሴቷ በኩል መጡ። አንዱ ላይ ነጭ የለበሱ ሰዎች አሉ፤ መቋሚያውን በጉልበቱ መሐል አቁሞ የተቀመጠው እሱ ነው፤ በአቀማመጡ ለየሁት። ጆሮዬን አቀናሁ። ዝም። ታንኳው ቀረበ። ዝም። የቀዛፊውን መቅዘፊያ ውኃ ሲመታ እሰማለሁ፤ ከእሱ ግን አንድ ቃል የለም። ፊቱ የሚታይበት ድረስ ቀረበ፤ አየኝ፤ አፉን አልከፈተም።

አላለቅስም ብዬ ከንፈሬን ነከስሁ፤ ቃሌ ነው፣ አልጠይቀውም። ወርዶ ሲመጣ መቋሚያውን ተቀበልሁትና «እንኳን አደረሰህ» ብቻ አልሁት።

ቀዛፊው ታንኳውን እያሰረ ቀና ብሎ አየኝ። «እታለም፣ ምነው ፊትሽ ጠቆረ?»

መቋሚያውን እንደ ያዝሁ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርሁ።

«ምነው፣ አልነገረሽም? ኸረ እንዴት ይንገርሽ፣ ድምፁን እኮ እዚያው ጥሎት መጣ! እስኪነጋ መራ። የኔታ በጎን ሰው ልከው የይፋጉን መሪጌታ አስጠርተዋቸው ነበር፤ እንዲያው ቢያቅተው ይያዙለት ብለው። ሰውየው ሌሊቱን ሙሉ ሲቀበሉት አደሩ እንጂ አንድ ጊዜ እንኳ አልያዙለትም። የኔታማ ወንበራቸው ላይ ሆነው እንባቸው ሲወርድ ነጋ።»

ወደ ባለቤቴ ዞርሁ። አፉን ከፈተ፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ጉሮሮውን በእጁ አሳየኝ፤ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ድምፅ የሌለው ሳቅ ሳቀ።

እኔ መቋሚያውን አነሣሁበት። «እጅህን አታነሣልኝም ነበር? ነጠላህን አታውለበልብልኝም ነበር? ልቤን አቁመኸው እኮ!»

በሹክሹክታ «‹ጥራኝ› እንጂ ‹አውለብልብ› አላልሽኝም» አለኝ።

ይህ ነው ባሌ። ምን ላድርገው?

በሐይቁ ዳር ዳር ወደ ቤት ስንሄድ ሰዎቹ ቀድመውን አለፉ። እሱ ቆመ። ግራ ቀኝ አየና ወደ ጆሮዬ አጎነበሰ። ሌሊቱን ከመራው አንዱን ዜማ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ድምፅ በሌለው ትንፋሽ አዜመልኝ። የትኛው ላይ ድምፁ ወደ ላይ እንደሚወጣ በቅንድቡ፣ የትኛው ላይ እንደሚወርድ በእጁ አሳየኝ። ትንፋሹ ጆሮዬን ያሞቀዋል። አንድም የእንጨት ሽታ አልነበረበትም።

ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ በአባቱ ቦታ ቆሞ መራ። ያን ድምፅ እኔ አንድም ቀን አልሰማሁትም። የደረሰኝ ያ ትንፋሽ ነው።

ያን ዕለት በትንፋሹ አዚሞ ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝና ጠበቀ። ማኅሌት ላይ መሪው ሲያበቃ የሚቀበል ሰው አለ፤ እኔ ደግሞ ግዕዝ አላውቅም።

«ና ወደ ቤት፤ ተልባ በጥብጬልሃለሁ» አልሁት።